ከላስቲኩ በታች ያለች ጭረት

ሌባው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የነገሩኝ። ገና የጨረታ ቤቱን በር ከማለፌ ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ይዞ ጎተተኝና፣ "ቁልፉ በእሷ እጅ ብቻ ነው" አለኝ። እሷ ማን ናት? የጠፋውስ ምንድነው? ፋታ አልሰጠኝም። ሃያ ስድስት ዓመት በወንጀል ምርመራ ስንከራተት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሳይጠየቅ መመለስ ሲጀምር ወንበር ስቦ መቀመጥን ነው። ተቀመጥኩ። እግሬም አብጦ ነበር።

"የተሰረቀው ምንድነው?" አልኩት።

"ይሄ!" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትንሽ ካርቶን አሳየኝ።

"ይሄማ አለ።"

"አይ ጌታዬ፣ ይሄ እሱ አይደለም። እሱን ወስደው በምትኩ ይሄን አስቀመጡ።"

ከኋላዬ የቆመችው ሳጅን ሳቋን በሳል ሸፈነችው። እኔ ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም። ሁለት ሌሊት በሌላ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ አሁን ደግሞ ያልጠፋ ዕቃ ፈልግ ተባልኩ።

ካርቶኑ የአንድ መጽሐፍ ያህል ነው። ፊቱ ላይ ሰይፍ የያዘ ሰው ዘንዶ ረግጦ ቆሟል፣ ከላይ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ውስጡ የድሮ የቪዲዮ ጌም ካሴት አለ ተባልኩ፤ እኔ ወጣት ሳለሁ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው እናታቸውን የሚያሳብዱበት ዓይነት። ከፋብሪካ እንደወጣ ታሽጎ የቆየ ከሆነ የአንድ ሰፊ ቤት ዋጋ ያወጣል። አንዴ ተከፍቶ መልሶ ከታሸገ ግን የልጅ መጫወቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልተጫወተበት መጫወቻ ነው እንግዲህ የሚፈለገው። እኔ ምን አገባኝ፣ ሰው በገንዘቡ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዕቃው ከሁለት ሳምንት በፊት ሲመጣ፣ ሰብሳቢዎቹ ሁሉ "ዳኛው" የሚሏቸው ሽማግሌ መርምረው "ከፋብሪካ እንደታሸገ ነው" ብለው ፈረሙ። ከዚያ በብረት ቁም ሳጥን ተቆለፈበት። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት፣ አርባ የሚሆኑ ገዢዎች ዕቃውን ለማየት በተሰበሰቡበት፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ባትሪውን አብርቶ ጀርባውን ሲያይ፣ "ይቺ ጭረት እኮ ከላስቲኩ በታች ናት" አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዳኛው ካርቶኑን ተቀብለው አገላበጡና፣ "ይሄ እኔ ያየሁት ዕቃ አይደለም። ተለውጧል" አሉ። አለቀ። ሁሉም ሰው ዞሮ የዕቃ ቤት ኃላፊዋን ተመለከተ።

ቀጭን ናት፣ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሳጅኗ ካቴና ስታስገባላት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ታያለች።

"የምትጠብቂው ሰው አለ?" አልኳት።

"የአራት ወር ልጅ አለኝ" አለች። "ስድስት ሰዓት ላይ ይርበዋል።"

*

ጣቢያ ወስጄ ጠየቅኳት።

"ዕቃው ከተቆለፈበት ወዲህ፣ ከዛሬ በፊት፣ ዕቃ ቤቱ ገብተሻል?"

"አልገባሁም።"

"አንዴም?"

"አንዴም። የሚወጣ ዕቃ አልነበረም።"

በሩ በካርድ ነው የሚከፈተው፣ የከፈተውንም ሰው ማሽኑ ይመዘግባል። ወረቀቱን ፊቷ አደረግሁት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስድስት ጊዜ ገብታለች፣ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል። ወረቀቱን አየችው፣ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሲዋሹኝ አልናደድም፣ ለምጄዋለሁ። የሚያደክመኝ ውሸታቸው ደካማ ሲሆን ነው።

አለቃዬ ነገሩ ልቡን አውልቆታል፤ ጨረታ ቤቱ በየሰዓቱ ይደውልለታል። "ቁልፉ የማን ነው? የእሷ። ዋሽታለች? ዋሽታለች። ምን ቀረህ?" አለኝ።

"የተሰረቀው ዕቃ ቀረኝ። ቤቷ ተፈትሾ ከሽንት ጨርቅ በቀር አልተገኘም።"

"እሱን ዐቃቤ ሕግ ይጠይቃት። ዓርብ በቀትር መዝገቡን ላክ።"

መዝገቡ ሲላክ እሷም ወደ ወህኒ ቤት ትላካለች። እዚህ ጣቢያ ሳለች እናቷ ሕፃኑን በቀን ሦስቴ እያመጣችላት በሳጅኗ ክፍል ታጠባዋለች። ወህኒ ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እናቷ ይህን ስነግራት ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ፣ "እንግዲህ እግዜር ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ" አለችኝ። እግዜር ቢያውቅም እኔ አላውቅም ነበር።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ይዤ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ጠባብ ግን የተወለወለ ሳሎን ነው፣ መደርደሪያው በታሸጉ ካርቶኖች ተሞልቷል። ሚስታቸው በሩን ከፍተው፣ "መርማሪው መጥተዋል፣ ከሴት ፖሊስ ጋር" ብለው ለባላቸው ጮክ ብለው ተናገሩ።

"ግቡ ልጆቼ" አሉ ዳኛው ከወንበራቸው። "ያቺን ልጅ አሰራችኋት?"

"እስካሁን አዎ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"እስቲ እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ" አልኳቸው። "የፋብሪካ እሽግ በምን ይታወቃል?"

ካርቶኑን ስሰጣቸው ፊታቸው በራ። ጀርባውን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱት። "ይሄ ፋብሪካ ላስቲኩን የሚያጋጥመው ጀርባው ላይ ነው፣ መሐል ለመሐል፣ አግድም። ቤቱ የሚያሽግ ቀጣፊ ግን ጎን ጎኑን በጋለ ብረት ያጣብቀዋል፣ ጠርዙ ሲነኩት ይሻክራል።" ጆሯቸው ሥር አድርገው አንዴ ነቅነቅ አደረጉት። "ካሴቱ ሲነቀነቅ ይሄን ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ከዚህ በላይ ከጮኸ ውስጡ ያለው መያዣ ወጥቷል ማለት ነው።"

"ታዲያ ይሄ መጋጠሚያው መሐል ላይ ነው።"

"ነው።"

"ድምፁም ልክ ነው።"

ካርቶኑን መልሰው ገለበጡት። "ሌባው ጎበዝ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"በምን አወቁ ታዲያ?"

"በጭረቷ ነዋ። ካርቶኑ ሲጫር ላስቲኩም አብሮ መጫር አለበት። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ካርቶኑ ከቆሰለ፣ ያ ካርቶን ራቁቱን የነበረበት ቀን አለ።"

"መጀመሪያ ሲያዩት ጭረቷ አልነበረችም?"

"ብትኖር እፈርም ነበር?" አሉ ቆጣ ብለው።

ቃላቸውን ሳጅኗ ጻፈች። ላንብብልዎት ስላቸው "አንብብ፣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ" አሉ። ሚስታቸው እስክሪብቶውን እጃቸው ውስጥ አኑረው፣ ሌባ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡላቸው፣ እሳቸው ከጣቱ ሥር ፈረሙ። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ መተሳሰብ አየሁና ቀናሁ። የእኔዋ እስክሪብቶ ብታቀብለኝ የፍቺ ወረቀት ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር የምደነግጠው።

*

ሐሙስ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ሄድን። አልደብቅም፣ ጠርጥሬው ነበር። ከዕለቱ በፊት ሁለት ጊዜ ጨረታ ቤት ደውሎ ስለ ዕቃው ጠይቋል፤ አርባ ሰው ያላየውን ጭረትም በአንድ አፍታ ያየው እሱ ነው። ፈልጎ ያገኘ ሰው አንዳንዴ ራሱ ያስቀመጠ ሰው ነው።

"ሥራዬ ምን መሰለህ?" አለኝ እጁን እየታጠበ። "ቀኑን ሙሉ የማየው በጠባብ ቦታ ያለች ትንሽ ጭረት ነው።"

የቀጠሮ መዝገቡን አየን። ከረቡዕ ጠዋት በቀር፣ በሁለቱ ሳምንት በሥራ ሰዓት ሁሉ የሰው አፍ ውስጥ ነበር፣ ከሥራ በኋላ ጨረታ ቤቱ ዝግ ነው። ሳጅኗ ሦስት በሽተኞች ጋ ደወለች፤ ሦስቱም ቀኑን በምሬት ያስታውሱታል።

ልወጣ ስል፣ "እኔ እኮ የሌባ ስም አልጠራሁም" አለ። "ጭረት አለ ነው ያልኩት። ተለውጧል ያሉት ዳኛው ናቸው።"

"አንተ ምን መስሎህ ነበር?"

"እኔማ... ተወው።"

"አልተውም፣ ደክሞኛል፣ ንገረኝ።"

"ዳኛው ተሳስተው ይሆናል ብዬ ነበር። ወዲያው አፈርኩ። እሳቸው አይሳሳቱም።"

የዚያን ቀን አልገባኝም። እንዲያውም መኪና ውስጥ ገብቼ የተበሳጨሁት ተጠርጣሪ ስላጣሁ ነበር።

ጣቢያ ስንደርስ ሳጅኗ፣ "ጋሼ፣ አንዴ ብቻዬን ላናግራት?" አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"ለምን እንደምትገባ ነገረችኝ" አለች። "ጡቷን ልታልብ ነው።"

"ምን?"

"ወተቷን። ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል እሱ ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት አልባ በጠርሙስ ለእናቷ ትልካለች። ሥራ አስኪያጁ ከወሊድ ስትመለስ 'የልጅ ጣጣሽን ቤትሽ ጥለሽ ነይ' ብሏታል፣ ከሥራ እንዳያባርራት ፈራች። ለአንተ ደግሞ ለወንድ እንዴት ትንገርህ?"

አፈርኩ። ስድስት ጊዜ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ሦስት ልጆች አሳድጌ ይህን ሳላስብ ቀረሁ። ለአለቃዬ ስነግረው ግን ትከሻውን ነቀነቀ፦ "ወተትም ብታልብ ሃያ ደቂቃ ካርቶን ለመለወጥ ይበቃል።" እውነቱን ነው፣ ይበቃል።

*

ዓርብ ማለዳ እናቷ ሕፃኑን ስታመጣ እያለቀሰ ነበር። ሲጠባም ማልቀሱን አላቆመም። "ወተቷ ቀነሰ" አለችኝ ሳጅኗ በሹክሹክታ። "ድንጋጤ ነው።" መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘጋጅቶ፣ ፊርማዬን ብቻ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነው። በሬን ዘግቼ የጨረታውን መጽሔት ለመቶኛ ጊዜ ገለጥኩ።

የካርቶኑ ፊት ሙሉ ገጽ ይዟል። ጀርባውን ፈለግሁ፣ የለም። ፎቶ አንሺው ጋ ደወልኩ።

"ጀርባውን አላነሳሁም" አለኝ።

"ለምን?"

"ጀርባውን ዳኛው አይተውታላ። እሳቸው ከፈረሙ በኋላ ጀርባ የሚጠይቅ የለም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው።"

ስልኩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። ሁላችንም ማን ለወጠው ብለን ጠይቀናል። ተለውጧል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ካርቶኑ ሲገባ ጀርባው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ በዓለም ላይ ያለው ማስረጃ የአንድ ሽማግሌ ቃል ነው፣ እኔም እንደ ሌላው ሁሉ እንደ ወንጌል ተቀብዬዋለሁ። በራሴ ተናደድኩ።

ሳጅኗን ይዤ ወደ ዕቃው ሻጭ ቤት ሄድኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሻይ ላፍላ ስትለን ጊዜ የለንም አልኳት።

"እትዬ፣ ዕቃውን ለጨረታ ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ አንስተውታል?"

"ለእህቴ ልኬላት ነበር። ሩቅ ነው ያለችው፣ ካላሳየሽኝ ብላ ነዘነዘችኝ።"

"ፊቱን ብቻ?"

"እሷን አታውቃትም! ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን። ዶሮ የምትገዛ ነው የምትመስለው።"

ስልኳን ሰጠችኝ። ጀርባው በመስኮት ብርሃን ጥርት ብሎ ይታያል። ታች ቀኝ ጥግ ላይ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ቀጭን ጭረት። ሳጅኗ ካርቶኑን ከማስረጃው ቦርሳ አውጥታ ጎን ለጎን ያዘችው። ያችው ናት፣ ርዝመቷም እጥፋቷም። ፎቶው የተነሳው ዕቃው ጨረታ ቤት ከመግባቱ ሦስት ቀን በፊት ነው። ዕቃው አልተለወጠም፤ የገባው ዕቃና የተገኘው ዕቃ አንድ ነው።

"ይሄ ካርቶን ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው፣ እትዬ" አልኳት። "ባልዎ ምን ነበር ሥራቸው?"

"ብስኩት ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል። ሠላሳ ዓመት።" ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። "አንድም ቀን አልከፈትኩትም ብሎ ምሎልኝ ነበር! ያ ሰው ሬዲዮ ሲገዛ እንኳ ውስጡን ሳያይ አያድርም ነበር።" ሳቋ መጣባት፣ ወዲያው እንባዋ ተከተለ። "ተጫውቶበታል በለኛ። እሰይ።"

መጋጠሚያው ለምን መሐል ላይ እንደሆነ ገባኝ። ሰውዬው ያሸገው በፋብሪካ ማሽን ነው፣ የብስኩት ይሁን እንጂ።

*

ዳኛው ቤት ከመግባታችን በፊት ሳጅኗን ከሱቅ አንድ ሳሙና በካርቶኑ አስገዛኋትና ፎቶ አንስታ በወረቀት አሳተመችው። ክፉ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አራት ሰዓት አልፏል፣ ቀትር እየቀረበ ነው።

"አባቴ" አልኳቸው፣ "የመጀመሪያው ዕቃ ፎቶ ተገኘ። ጀርባው ነው። ጭረቷ አለችበት?"

ሚስታቸው ከጓዳ እጃቸውን እየጠረጉ ሲመጡ ሳጅኗ በሩ ላይ አስቆመቻቸው። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"የለችም" አሉ። "ይሄ ነው እኔ የፈረምኩበት። ትክክለኛው ይሄ ነው።"

ሚስታቸው በሩ ላይ ሆነው፣ "ሳሙና ነው" አሉ በቀጭን ድምፅ። "የያዝከው የሳሙና ፎቶ ነው። ተወው በቃ፣ ሰውዬ። አልቋል።"

ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"ዓመት አልፎኛል። ሰው መሆንህን እለያለሁ፣ ማን እንደሆንክ ግን በድምፅህ ነው። ጉም ነው።" በእጃቸው ወደ ሚስታቸው አመለከቱ። "እሷ ናት ዓይኔ። አብራኝ ትመጣለች፣ 'እዚህ ጋ ቀለሙ ደብዝዟል፣ እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ' እያለች ቀስ ብላ ትነግረኛለች። የቀረውን ጣቴ ያውቀዋል።"

"የዚያን ቀንስ?"

"እህቴ ሆስፒታል ተኝታብኝ ነበር" አሉ ሚስታቸው። "ቀኑን አስለውጥ ብዬው ነበር።"

"አፈርኩ" አሉ ዳኛው። "ለምን አስለወጥክ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ብቻዬን ሄድኩ። መጋጠሚያውን ዳበስኩ፣ ልክ ነው። ነቀነቅኩት፣ ልክ ነው። ፈረምኩ። ረቡዕ ሐኪሙ ጭረት አለ ሲል፣ እንደተሳሳትኩ ወዲያው አወቅሁ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እኔን ይጠብቃል። ተለውጧል አልኩ። አንዲት ቃል ናት። የልጅቷን ስም እንኳ አልጠራሁም።"

"አላስፈለገም። ቁልፉ በእሷ እጅ ነበር" አልኳቸው። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። "ሦስት ቀን አባቴ! በሦስት ቀን ውስጥ አንዴ ስልክ መደወል አቃተዎት?"

"በየሰዓቱ ስልኩን እዳብሰው ነበር" አሉ።

የሐሰት ቃል በመስጠታቸው የሚጠየቁበትን ነግሬያቸው አዲስ ቃል ተቀበልኩ። የወንጀሉ መዝገብ በዚሁ ተዘጋ፣ ስርቆቱም ሌባውም ሳይኖር። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ የማረፊያ ቤቱን በር አስከፈትኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት፤ ይህን ቃል በሥራ ላይ ስንቴ እንደተናገርኩት በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ተመልሳ ትግባ ማለቱንም ጨመርኩ።

"ሽማግሌው ሊያዩሽ ይፈልጋሉ" አልኳት። "እቤትሽ ይምጡ?"

ሕፃኑን ከእናቷ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው።

"እቤቴ አይደለም" አለች። "ካቴና ሲገባልኝ ያዩት ሰዎች ፊት ይናገሩት።"

*

ቅዳሜ ጠዋት የቀሩት ዕቃዎች ጨረታ ነበር። ዕረፍቴ ቢሆንም ሄድኩ፣ እግሬ ባይፈልግም። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የጥርስ ሐኪሙም አለ። እሷ ሕፃኑን ታቅፋ ከእናቷ ጋር በሩ አጠገብ ቆማለች። ዳኛው የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ገቡና መሐል ሲደርሱ ለቀቁት።

"ብቻዬን" አሏቸው።

"ዕቃው አልተለወጠም" አሉ ዳኛው። "ሲገባም ይሄው ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ከጠፋ ዓመት ሆኖታል፣ ደብቄያችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ የፈረምኩላችሁን ሁሉ ሌላ ሰው ይመርምርላችሁ።"

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤቱ ሲደውል ሰማሁት፤ "መደርደሪያው ላይ ያለውን አውርጂና ጀርባውን እዪልኝ" ይላል። የጥርስ ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

"አንቺ ልጄ ደግሞ" አሉ ዳኛውና ወደ ግራቸው ዞሩ። እዚያ የኮት መስቀያ አለ፣ ረጅም ጥቁር ካፖርት ተንጠልጥሎበታል። ወደ ካፖርቱ አንድ እርምጃ ቀረቡ። "ስምሽን በሰው ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌባ አይደለሽም። ከልጅሽ ለይቼሻለሁ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው። ሚስታቸው ሊሄዱላቸው ሲነሱ እሷ ቀደመቻቸው። ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ አዳራሹን አቋረጠች፣ ሳቁ በእያንዳንዱ እርምጃዋ እየጠፋ ሄደ። ዳኛውና ካፖርቱ መካከል ገብታ፣ ልክ ፊታቸው በዞረበት ቦታ ቆመች።

"ይቀጥሉ" አለቻቸው። "እየሰማሁ ነው።"